ጨለማ የሚፈልግ ሰው

 በዚህ ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ሥራ፣ ስለ ማሽካንታ፣ ስለ ልጆች ትምህርትና ስለ በዓላት ነው። እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ማታ ማታ በጓሮዬ ስለምሠራው ነገር ነው። ሥራ ብዬ ብጠራውም ደመወዝ የለውም፤ እንዲያውም ገንዘብ ይበላል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ እዚህ ነታንያ ውስጥ፣ በምንኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት ባለችው ጠባብ ጓሮ ቴሌስኮፕ አቁሜ ኮከብ አያለሁ፤ ያየሁትንም ፎቶግራፍ አነሳለሁ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በዚህ አገር አቆጣጠር መጻፌን ልብ በሉልኝ።

ከእኛ ሰዎች አንዳንዶቹ «ኮከብ ቆጣሪው» እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔ ኮከብ ቆጣሪ አይደለሁም። ኮከብ ቆጣሪ የሰውን ዕድል አውቃለሁ ይላል፤ እኔ የራሴን ነገ እንኳ አላውቅም። የእኔ ሥራ ያለውን ነገር ማየት ብቻ ነው። ለማየት ደግሞ ከመሣሪያም ከገንዘብም በፊት የሚያስፈልገው ጨለማ ነው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ቴሌስኮፑ ሳይሆን ይኸው ጨለማ ነው።

በ1984 ዓ.ም. ከጎንደር ስንወጣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ያን መንገድ የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያልሄዳችሁት ከወላጆቻችሁ ሰምታችኋል። ቀን ቀን ጫካ ውስጥና ገደል ሥር ተደብቀን እንውላለን፤ ሲመሽ ተነሥተን እስኪነጋ እንጓዛለን። የሕፃን ልቅሶ እንዳይሰማ፣ የእሳት ጭስ እንዳይታይ እየተጠነቀቅን ወደ ሱዳን ወረድን። በዚያን ጊዜ ጨለማ ዘመዳችን ነበር።

ጨረቃ ግን ጠላት ሆነችብን። ይህ ለእኛ ቤት እጅግ እንግዳ ነገር ነበር፤ አባቴ ጨረቃን የሚወድ ሰው ነበርና። በዓሉንና ጾሙን የሚቆጥሩት ቄሶቻችን ቢሆኑም አባቴ ወር በገባ ቁጥር ፀሐይ ስትጠልቅ ከመንደራችን በላይ ካለው ኮረብታ ወጥቶ ወደ ምዕራብ ይመለከት ነበር። ክር የመሰለችውን አዲስ ጨረቃ ያየ እንደ ሆነ ደስ ብሎት ይመለሳል። ካላየ «ነገ ትወጣለች» ይላል፤ የጨረቃ ወር 29 ወይም 30 ቀን ነውና ከዚያ አታልፍም። በመንገድ ላይ ግን ጨረቃዋ እየሞላች ስትሄድ መሪያችን ፊቱ ይጠቁር ጀመር። በሞላችበት ሌሊት «ዛሬ አንሄድም» አለ። ውሃ አልቆብን ስለ ነበር ግን ሄድን።

ሜዳውን ስናቋርጥ ሽፍቶች አዩን። ገንዘቡን፣ ብርድ ልብሱን፣ አህያዋንም ከነጭነቷ ወሰዱ። ታናሽ እህቴ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከዚያ በኋላ አራት ቀን ብቻ ቆየች። ስለ እርሷ ከዚህ የበለጠ አልጽፍም። ከ1984 ኖቬምበር እስከ 1985 ጃኑዋሪ መጀመሪያ በሚብጻ ሞሼ 8,000 ያህል ሰው ወደዚህ አገር ገብቷል፤ በእነዚያ ዓመታት በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች የቀሩት ደግሞ 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይነገራል። በዮም የሩሻላይም በሄርጽል ተራራ ስለ እነርሱ ጸሎት ሲደረግ እኔ የማስበው አንዲት ሕፃንና አንዲት ሙሉ ጨረቃን ነው።

እናቴ ዛሬም ከእኛ ጋር ትኖራለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን ጤነኛ ናት። ጨረቃ በሞላች ሌሊት ሁሉ ገና ሳይመሽ የመኝታ ቤቷን ትሪስ ወለሉ ድረስ ታወርዳለች። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ምክንያቱን ብትጠይቃት «ጨረቃ ሰው ታጋልጣለች» ብላ ዝም አለች። እኔ ጠይቄያት አላውቅም፤ ምን ብዬ እጠይቃታለሁ?

እኔም ራሴ ወደ ነታንያ ከመጣን በኋላ ለብዙ ዓመታት ቀና ብዬ ሰማይ አላየሁም። በ1997 ዓ.ም. በማርች ወር አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ፣ በባሕሩ ዳር ባለው ጣየሌት ላይ ሰዎች ተሰብስበው ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲጠቁሙ አገኘሁ። ጅራታም ኮከብ ነበር፤ ሄል ቦፕ የሚባለው። ያለ መሣሪያ፣ ከከተማው መብራት ጋር እየታገለ፣ ጅራቱን ወደ ላይ ዘርግቶ በባሕሩ ላይ ቆሟል። በአገራችን ጅራታም ኮከብ ሲወጣ ሽማግሌዎች ጦርነት ወይም ረሃብ ይመጣል ብለው ይሰጉ ነበር። እኔ ግን የተሰማኝ ሌላ ነው፤ ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ያለ ፍርሃት በሌሊት ከሜዳ ላይ ቆሜ ወደ ላይ ማየቴን አስተዋልሁ። እስኪጠልቅ ድረስ ከዚያ አልተነሣሁም።

ከዚያ ወዲያ መጽሐፍ እየገዛሁ፣ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እየተዋስሁ በዕብራይስጥ ማንበብ ጀመርሁ። ጊቭዓታይም ወዳለው የኮከብ መመልከቻም በሕዝብ መግቢያ ምሽቶች ደጋግሜ ሄድሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሰምቶ «እናንተ ኢትዮጵያውያን አስትሮኖሚ ከየት አመጣችሁ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ስለ መጽሐፈ ሄኖክ ነገርሁት። ይህ መጽሐፍ ሙሉ ሆኖ እስከ ዛሬ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። በውስጡም መልአኩ ዑርኤል ለሄኖክ የፀሐይን ደጆች፣ የጨረቃን መሙላትና መጉደል ሲያሳየው የሚተርኩ ምዕራፎች አሉት። በዚሁ በእስራኤል ምድር፣ በጨው ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የዚያው መጽሐፍ የአራማይክ ቁርጥራጮች ተገኝተዋል፤ የሰማይ ብርሃናትን የሚመለከተው ክፍል ጭምር። አባቶቻችን በጎንደር ይዘውት የኖሩት መጽሐፍ ከዚህ አገር አፈር ወጣ ማለት ነው። ዛሬም ቢሆን ከአዲስ አበባ በላይ በእንጦጦ ተራራ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ባልደረባዬ ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠየቀኝም።

በ2011 ዓ.ም. መስተዋቱ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ያገለገለ ቴሌስኮፕ ገዛሁ። እንዲህ ያለው መስተዋት በጨለማ ከተከፈተ የሰው ዓይን ብሌን 800 እጥፍ ያህል ብርሃን ይሰበስባል። ጓሮዬ አራት እርምጃ በስድስት እርምጃ ናት፤ አንድ የሎሚ ዛፍና የልብስ ማስጫ ገመድ አለባት። ገመዱን ማታ ማታ እፈታዋለሁ፤ ባለቤቴ አንዳንዴ ትቆጣለች።

አሁን ለእናንተም የሚጠቅም አንድ ነገር ላሳያችሁ፤ ምንም መሣሪያ አይፈልግም። እጃችሁን ወደ ፊት ቀጥ አድርጋችሁ ዘርግታችሁ ጡጫችሁን ብትጨብጡ፣ የጡጫው ስፋት ከሰማዩ ላይ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። ወደ ሰሜን ዙሩና ከአድማሱ ጀምራችሁ ጡጫ በጡጫ እየደረባችሁ ወደ ላይ ቁጠሩ። በነታንያ ሦስት ጡጫ ቆጥራችሁ ትንሽ ከፍ ስትሉ የሰሜን ኮከብን፣ በዕብራይስጥ ኮኻቭ ሐጻፎን የሚሏትን ታገኛላችሁ። ሌሎቹ ኮከቦች ሁሉ ሌሊቱን ሲዞሩ እርሷ ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም ማለት ይቻላል። በጎንደር ግን ያቺው ኮከብ ከአንድ ጡጫ ትንሽ ብቻ ከፍ ትላለች፤ ተራራ ካለ ትሸፈናለች። መሪያችን ወደ ሱዳን ስንወርድ «ያቺን ኮከብ ከቀኝ ትከሻችሁ አትልቀቋት» ይለን የነበረው እርሷን እንደ ነበረ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በዚህች ጓሮ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ሰማዩ አንድ ነው የሚባለው ትክክል አይደለም። እኛ ወደ ሰሜን 2,200 ኪሎ ሜትር ያህል ስንመጣ ኮከቧ ሁለት ጡጫ ወጥታለች። ዓሊያ ማለትስ መውጣት አይደል? በአንጻሩ በአገራችን በደቡብ በኩል ይታዩ የነበሩ፣ የደቡብ መስቀል የሚባሉ ደማቅ ኮከቦች አሉ፤ እነርሱ ከነታንያ አይታዩም። ስንመጣ ያገኘነውም ያጣነውም በሰማይ ላይ ተጽፏል።

ስለ ፎቶግራፉም ጥቂት ልበል። ምድር በ4 ደቂቃ 1 ዲግሪ ትዞራለች። ስለዚህ ካሜራን ዝም ብሎ አቁሞ ለረጅም ጊዜ ክፍት ቢተዉት ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ መስመር ይሆናል። ይህን ለማስቀረት ካሜራውን ከምድር ዙረት ጋር እኩል የምታዞር ትንሽ ሞተር አለችኝ። የሞተሯ ዘንግ በትክክል ወደ ሰሜን ኮከብ መነጣጠር አለበት፤ አለዚያ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ሌላው ችግር የከተማው መብራት ነው። የመንገዱ መብራት፣ የሱቁ መብራት፣ የባሕሩም እርጥበት ተደማምረው የነታንያን ሰማይ እንደ ወተት ያነጡታል። በ1 ደቂቃ ውስጥ ሥዕሉ በሙሉ ይነጣል። ስለዚህ አንድ ረጅም ፎቶ በማንሣት ፈንታ ባለ 20 ሴኮንድ 120 ፎቶዎችን አነሳለሁ፤ ኮምፒዩተሩ እነዚያን አንዱን በአንዱ ላይ ይደርባቸዋል። እያንዳንዱ ፎቶ ለብቻው ሲታይ ባዶና ቆሻሻ ነው። ሲደረቡ ግን በየፎቶው የሚለያየው ጉድፍ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ በሁሉም ላይ ያለው ደካማ ብርሃን እየጎላ ይመጣል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ይኸው ነው። በዚህ መንገድ ኦርዮን ውስጥ ያለውን፣ አዳዲስ ኮከቦች የሚወለዱበትን ደመና ከልብስ ማስጫው ሥር አንሥቼዋለሁ። ያ ብርሃን ከቦታው የተነሣው የዛሬ 1,300 ዓመት ገደማ ነው።

በዚህ ሁሉ ረዳቴ ልጄ ነበር። ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ የሰሜን ኮከብን በጡጫው ሲቆጥር የእርሱ ጡጫ ትንሽ፣ ክንዱም አጭር ስለ ነበር ቁጥሩ ከእኔ ጋር እኩል ወጣ፤ እጅግ ተደነቀ። የኔ አማርኛ ለእርሱ ከባድ ነው፤ የእርሱም ዕብራይስጥ አንዳንዴ ያመልጠኛል። በጓሮው ውስጥ ግን ብዙ ቃል አያስፈልግም። «ትንሽ ወደ ግራ፣ ቁም፣ አሁን እይ» ማለት ይበቃል።

በ2022 ዓ.ም. በሴፕቴምበር ወር፣ ልጄ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከምሽቱ 10 ሰዓት ገደማ ሻብታይን፣ በአባቶች አጠራር ዙሐልን፣ እናይ ነበር። ዓይን ጨለማን እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል፤ እኛም የቤቱን መብራት ሁሉ አጥፍተን ከተቀመጥን ቆይተናል። ልጄ «አባ፣ ቀለበቱ ተለይቶ ታየኝ» አለ። በዚያች ቅጽበት ኃይለኛ ባትሪ ከአጥሩ በላይ ፊቱ ላይ በራ። የደንብ ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሁለት ጥቁር ሰዎች በጨለማ ወደ ሰው መስኮት መሣሪያ አነጣጥረዋል የሚል ጥሪ ደርሷቸዋል። «ይህ ቤቴ ነው፤ ይህም ልጄ ነው» አልሁ። መታወቂያ ጠየቁ፤ ሰጠሁ። ልጄን ግን ባትሪውን ከፊቱ ላይ ሳያነሡ «አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አሉት። በአጭር ሱሪና በነጠላ ጫማ፣ በገዛ ቤቱ ጓሮ ውስጥ ላለ ልጅ!

እውነቱን ለመናገር አንደኛው በኋላ ይቅርታ ጠይቆ በቴሌስኮፑ ተመለከተ፤ «ዋው» አለ፤ ብርሃኑ ከዚያ እስከዚህ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚጓዝ ስነግረውም ተገረመ። ሁለተኛው ወደ መሣሪያው አልቀረበም። ሲሄዱ ዞር ብዬ ልጄን ባየው ቦታው ላይ የለም፤ ቤት ገብቶ የክፍሉን መብራት አብርቷል። ማን እንደ ደወለ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ለማወቅም አልፈለግሁም፤ ከሁሉም ጋር በአንድ ደረጃ እንወጣለን እንወርዳለንና።

ልጄ ከዚያ ሌሊት በኋላ ወደ ጓሮው አልወጣም። መጀመሪያ ፈተና አለብኝ አለ፤ ቀጥሎ ብርድ ነው አለ። በ2017 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ የጨለማ ሰማይ ፓርክ ተብሎ ወደ ተመረጠው ወደ ማኽቴሽ ራሞን ልውሰድህ አልሁት፤ በዚያ ፍኖተ ሐሊብ ልክ በአገራችን እንደምናየው ከዳር እስከ ዳር ይታያል። «በሌሊት ነው?» አለኝ። «ኮከብ በቀን አይታይ» ብዬ ልቀልድ ሞከርሁ። አልሳቀም። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሱዳንን መንገድ ቁጭ አድርጌ የነገርሁት፤ እህቴንም ጭምር። ጨለማ የሚፈራ ነገር አይደለም፤ እኛን የሸፈነን ጨለማ ነው ልለው ፈልጌ ነበር። እርሱ ግን በጥሞና ካዳመጠኝ በኋላ «አባ፣ እናንተ የሸሻችሁት ከሽፍታ ነው፤ እኔ በቤቴ ከማን ልደበቅ?» አለኝ።

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ወጣቶቻችን በ2015ና በ2019 ዓ.ም. ለምን አደባባይ እንደ ወጡ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ያን ለእርሱ ደግሞ መንገር ምን ይጠቅመዋል? ለእኔ ጨለማ ከጠላት የሰወረኝ ነው። ለእርሱ ግን ጨለማ ማለት ጥቁር ልጅ ሲቆምበት የሚያስጠረጥረው ቦታ ሆነበት። ልጄ የሌሊት ሰማይን ያጣው ፈርቶ ብቻ ሳይሆን ተዋርዶም ነው፤ ውርደት ደግሞ በምክር አይወጣም።

በዚህ መካከል ቫዓድ ባይት ለደኅንነት ሲባል በጓሮው በኩል ትልቅ ፕሮጀክቶር ይተከል ብሎ ስብሰባ ጠራ። ፕሮጀክቶሩ ከተተከለ የእኔ ሥራ አበቃ ማለት ነው። በስብሰባው ላይ ተነሥቼ ወደ ሰማይ የሚበራ መብራት የሌባን መንገድ እንጂ የሌባን ፊት እንደማያሳይ፣ ዓይንን እንደሚያጥበረብርና ለኤሌክትሪክም ብዙ እንደሚከፈልበት አስረዳሁ። ከላይ ክዳን ያለው፣ ወደ መሬት ብቻ የሚበራና ሰው ሲያልፍ የሚነቃ መብራት ይሻላል አልሁ። ከዚያም ሳላስበው «ደግሞ በጨለማ የተቀመጥነው እኔና ልጄ ነን፤ ሌባ አይደለንም» አልሁ። ክፍሉ ዝም አለ። ከሩሲያ የመጡት አሮጊት ጎረቤታችን እጃቸውን አወጡና «እኔ የጋጋሪንን ወሬ በራዲዮ የሰማሁ ሰው ነኝ፤ ሰማዩን አትዝጉብን» አሉ። ወደ መሬት የሚበራው መብራት በድምፅ ብልጫ አለፈ። ልጄ ይህን ከሌላ ሰው ሰምቷል፤ ለእኔ ግን ምንም አላለኝም።

በ2025 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 7 ቀን እሑድ ማታ ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ ነበር። የጨረቃ ግርዶሽ የሚሆነው ጨረቃ ሙሉ ስትሆን፣ ምድር በፀሐይና በጨረቃ መካከል ገብታ ጥላዋን ስትጥልባት ነው። ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም፤ እንደ ፀሐይ ግርዶሽም ዓይንን አይጎዳም። በደረጃው መግቢያ ላይ በዕብራይስጥ፣ በአማርኛና በሩሲያኛ ማስታወቂያ ለጠፍሁ፤ የሩሲያኛውን የጻፉልኝ አሮጊቷ ናቸው። እርሳቸውም ከአገራቸው ያመጡትን የሩቅ ማያ መነጽር ይዘው፣ ሌሎቹም ወንበርና ገርዒኒም ይዘው ወረዱ። ባለቤቴ ቡና አፈላች። በጎንደር ላለው የአጎቴ ልጅ ስልክ ደወልሁ፤ በዚያ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ነበር። ሰዓታችን በበጋ እኩል ነው። እኔ በ20፡30 ሙሉ በሙሉ ትጨልማለች ስለው እርሱ «አዎ፣ በሁለት ሰዓት ተኩል» አለኝ። ክረምቱ ስላልወጣ ግን ደመናው አልገለጠላቸውም፤ «አንተ እያየህ ንገረን» አለ።

ጥላው 19፡27 ላይ መንከስ ጀመረ። ጨረቃዋ እያነሰች ስትሄድ፣ በሙሉ ጨረቃ ሌሊት የማይታዩት ኮከቦች አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ካሜራውን አስተካክላለሁ ብዬ ብጎነበስ ከኋላዬ አንድ እጅ መጥቶ የሞተሯን ዘንግ ያዘ። ልጄ ነበር። አሁን ከእኔ በቁመት ይበልጣል። «ዘንግህ ዘምቷል፤ ወደ ሰሜን ኮከብ አላነጣጠርኸውም» አለኝ። እንዲህ ብሎ ጡጫውን ዘርግቶ መቁጠር ጀመረ። እኔም ዝም ብዬ ቦታውን ለቀቅሁለት። ከሦስት ዓመት በኋላ ለምን እንደ ወጣ አልጠየቅሁትም። ምናልባት ጓሮው በሰው ስለ ተሞላ ይሆናል።

20፡30 ላይ ጨረቃዋ ሙሉ በሙሉ ጥላ ውስጥ ገባች፤ እንደ ፍም ቀላች። የምትቀላው በዚያን ሰዓት በምድር ዙሪያ ያለው የፀሐይ መውጫና መጥለቂያ ብርሃን ሁሉ በአየሩ ውስጥ ታጥፎ ስለሚደርሳት ነው። ይህን ለጎረቤቶቼ እያስረዳሁ ሳለ የእናቴ ትሪስ ሲነሣ ሰማሁ። ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ቦታ ሰጣት። ለረጅም ጊዜ ቀና ብላ አየች። ከዚያም በቀስታ «እንዲህ ያለች ጨረቃ ያን ጊዜ በሰጠን ኖሮ» አለች።

ልጄ አማርኛው ግማሽ በግማሽ ስለሚገባው «ምን አለች?» ሲል ጠየቀኝ። በዕብራይስጥ ነገርሁት። ምንም አልመለሰም። ካሜራውን ትቶ ወንበሩን ከአያቱ ወንበር አጠገብ አስጠጋና ተቀመጠ። ሁለቱም በጨለማ ውስጥ፣ ጎን ለጎን፣ 21፡52 ላይ የብርሃኑ ጠርዝ እስኪመለስ ድረስ እንደዚያው ቆዩ። ብርሃኑ ሲጨምር እናቴ ተነሥታ ገባች፤ ትሪሷንም እንደ ልማዷ አወረደች። ልጄ ግን እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ከውጭ ነበር።

ያን ሌሊት ያነሣው ፎቶ አሁን ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል። እናቴ ጨረቃዋን ተመለከተችና «ይህችስ ትሁን» አለች።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ሁሉ የጻፍሁት ቴሌስኮፕ ግዙ ለማለት አይደለም። የምትፈልጉ ካላችሁ በሁለት ዓይን የሩቅ መነጽር ጀምሩ፤ ጨረቃንም በስልካችሁ አንሡ፤ ፀሐይን ግን ልዩ መከላከያ በሌለው መሣሪያ ፈጽሞ እንዳታዩ። ልላችሁ የፈለግሁት ይህን ነው፤ ያን መንገድ በሌሊት የሄድን ወላጆች ልጆቻችን የማያውቁት አንድ ነገር አለን፤ ጨለማን እናውቀዋለን። ልጆቻችንም ስለ ጨለማ እኛ የማናውቀው የራሳቸው ሸክም አለባቸው። አንዱ ለሌላው እስካልነገረ ድረስ ሁላችንም ትሪሳችንን አውርደን እንኖራለን። ስለዚህ ዛሬ ማታ ሰማዩ ከጠራ ልጃችሁን ወይም የልጅ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡና ወደ ሰሜን ዙሩ፤ ሦስት ጡጫ ቁጠሩ። ኮከቧን ስታገኙ በአገራችን አንድ ጡጫ ላይ እንደ ነበረች ንገሩት። የቀረውን እርሱ ራሱ ይጠይቃችኋል።

ሰላም ሁኑ፤ ቸር ይግጠመን።